የተሰረቀ ዕቃ እጁ ላይ ሲገኝ ተከሳሹ እስከ የት ድረስ ነው ማስረዳት ያለበት?

ሰላም የሕግ ሰዎች፣ እባካችሁ እርዱኝ። በምስለ ችሎት የተከሳሽ ጠበቃ ሆኜ ተመድቤያለሁ። ደንበኛዬ ላፕቶፑ ከተሰረቀ ከሦስት ሳምንት በኋላ ይዞት ተገኘ። «ከማላውቀው ሰው ገዛሁት» ይላል፤ ደረሰኝ የለውም።

እ.ኤ.አ. እስከ 2024 ይሠራበት የነበረው የ1872ቱ የሕንድ የማስረጃ ሕግ አንቀጽ 114፣ ዕቃው ከተሰረቀ በኋላ «በቅርቡ» ይዞት የተገኘ ሰው እንዴት እንዳገኘው ካላስረዳ ወይ ሌባ ነው ወይ እያወቀ የተቀበለ ነው ብሎ ፍርድ ቤት እንዲገምት ይፈቅድ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1973 በባርነስ ጉዳይ ተመሳሳይ ግምት ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሏል። ለእኔ ግን ነገሩ የማስረዳት ሸክሙን በጓሮ በር ወደ ተከሳሹ ማዞር ይመስለኛል።

የያዝኩት መከራከሪያ እ.ኤ.አ. የ1914ቱ የእንግሊዝ የሻማና አብራሞቪች ፍርድ ነው፦ ዳኞች ማብራሪያውን ባያምኑት እንኳ እውነት ሊሆን የሚችል ከሆነ ተከሳሹ ነጻ ይወጣል።

የተቸገርኩት እዚህ ላይ ነው። ሻጩን መጥራት ያልቻለ ሰው ቃሉ ብቻ «እውነት ሊሆን የሚችል» ይባላል? ደግሞስ ቶሎ ቶሎ እጅ ለሚቀያይር ዕቃ ሦስት ሳምንት «በቅርቡ» ነው? ዓቃቤ ሕጉ የስርቆትና የመሸሸግ ክስ በአማራጭ አቅርቧል፤ ከየትኛው ብጀምር ይሻላል?