ድሬ ውስጥ ቤት ድረስ የሚመጣ ነርስ የሚያውቅ አለ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም የድሬ ልጆች። እናቴን ስትሮክ መትቷት ቀኝ ጎኗ አይታዘዝም። ከሆስፒታል ሲያስወጡን "ቤት በደንብ ተንከባከቧት" አሉን። እንዴት እንደሆነ የነገረን የለም። እኔ ሥራ እውላለሁ፣ ወንድሜ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። ቀን ከእማዬ ጋር ያለችው አክስቴ ናት፤ እሷም 60 አልፏታል፣ ብቻዋን ማገላበጥ ያቅታታል። መብራት ሲሄድ ፋኑ ይቆማል፣ የእማዬ ጀርባ በላብ ይርሳል። ትናንት ከወገቧ በታች ቀላ ያለ ነገር አይቼ ደነገጥኩ። ደላላ ጋ ብሄድ ያመጣልኝ የቤት ሠራተኛ ነው። በግል የምትሠራ አንዲት ነርስም አገኘሁ፤ በየቀኑ ለመምጣት የጠራችው ብር ግን ከደመወዜ ጋር አይተዋወቅም። እኔ ብቻ ነኝ የምፈልገው ወይስ ሁላችሁም?

ከዚራ፦
አቦ፣ ፈላጊማ ሞልቷል! እኛ ሰፈር አልጋ ላይ የዋለ ሰው የሌለበት ቤት ብትፈልጊ አታገኚም። ድሮ ጎረቤቱ፣ ዘመዱ ተራ ይገባ ነበር። አሁን ሁሉም ሥራ ላይ ነው፣ ግማሹም ውጭ አገር ነው። ብር ይልካል፣ እጅ ግን አይላክም።

ተረኛ ነርስ፦
እህቴ፣ እግዜር ይማርልሽ። አንቺ የምትፈልጊው ሁለት ሰው ነው። አንዱ የሚያጥባት፣ የሚያበላትና የሚያገላብጣት አስታማሚ ነው፤ እሱ በየቀኑ ያስፈልጋል። ቁስል ለማየት፣ ካቴተር (የሽንት ቱቦ) ለመቀየር፣ ግፊት ለመከታተል ነው ነርስ የሚያስፈልግሽ፤ እሷን በየቀኑ አትክፈያት።

ቅላቱን በጣትሽ ጫን አድርጊው። ስትለቂው ካልነጣ የአልጋ ቁስል ጀምሯል ማለት ነው፣ ቶሎ አሳዪው። በቅባት አትሹት፤ ሁሉም ቤት ይሄን ያደርጋል፣ ቆዳውን ይብስ ይጎዳዋል። ቢያንስ በየ2 ሰዓቱ ጎኗን ቀይሩላት፣ አንሶላው ሲረጥብ ወዲያው ለውጡ። አክስትሽ ስታነሳት የደከመውን እጇን እንዳትጎትት፣ ትከሻው ይወልቃል። ስታበሏት ቀና ትበል፣ ከበላችም በኋላ ግማሽ ሰዓት አታስተኟት። ውሃ ትን የሚላት ከሆነ ለሐኪም ተናገሪ።

መጋላ፦
ነርስ ነኝ ያለውን ሁሉ አትመኚ፣ የሙያ ፈቃዱን አሳየኝ በይው። ቀበሌሽ ያለው ጤና ጣቢያም ሂጂ። የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ ብዙዎቹም ነርሶች ናቸው። ራስሽ ሄደሽ ካልጠየቅሽ ግን ማንም አያንኳኳልሽም፣ ከልምዴ ነው።

የሳቢያን ልጅ፦
ተባረኩ። ቅላቱን ጫን ሳደርገው ነጣ፣ ተመስገን። ቅባቱን ግን አክስቴን ለማስጣል ጦርነት ነው የሆነብኝ፤ "እናንተን ያሳደግኩት በዚሁ ነው" ትላለች። ለነርሷ ደውዬ በሳምንት ሁለቴ ብቻ እንድትመጣ ተስማማን፣ ዋጋውም ወረደ። ለአክስቴ የምታግዝ ጠንካራ ልጅ እየፈለግኩ ነው። ያገለገለ የአየር ፍራሽ የሚሸጥ ካለ በውስጥ ይጻፍልኝ።