«ጨርቅ ነው፤ ማንን ገደለ?»

የሜዳው ጎረቤት፦ ትናንት በስብሰባው ላይ የክለባችን ተወካይ የተናገሩት ቃል ሌሊቱን ሙሉ ሲከነክነኝ አደረ። ላልነበራችሁ ባጭሩ፦ ሜዳችን የሕዝብ ነው፤ ዙሪያውን ግን በስፖንሰር ባነር ተከቧል። ነዋሪው ሲያማርር፣ ባነሮቹ በ15 ቀን ይነሡ፣ ከዚያ በኋላ በፈቃድና በጨዋታ ቀን ብቻ ይሰቀሉ የሚል ሐሳብ ቀረበ። እሳቸው ተነሥተው «ጨርቅ ነው፤ ማንን ገደለ?» አሉ። አጥሩ ሽቦ ነው። እኛ ልጆች ሳለን በሽቦው ቀዳዳ እያየን ነው ኳስ የወደድነው። ዛሬ አንድ ልጅ እዚያ ቢቆም የሚያየው የሲሚንቶ ሻጭ ስልክ ቁጥር ነው። በጣም ያናድዳል።

ኖራ አፍሳሹ፦ ወንድሜ፣ ቃሉን ከነምክንያቱ አምጣው። ጋሼ ያን ያሉት ሰው ሁሉ ባንዴ ሲጮህባቸው ነው። እኔ በየሳምንቱ ሜዳው ላይ ኖራ የማፈስ ሰው ነኝ። የኖራው ዋጋ ከየት የሚመጣ ይመስልሃል? የዳኛ አበል አለ። መረብ ይቀደዳል። አምና ለጨዋታ ወደ ሸዋ ሮቢት ስንወርድ የመኪናውን ኪራይ የከፈለው ያ ጨርቅ ነው። አሸንፈን ስንመለስ አብራችሁ ጨፍራችኋል። ማን ከፈለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

እናት ዓለም፦ ጨርቅ ከሆነማ አውርዱት። ጨርቅ ማውረድ ምን ይከብዳል? 2 ሰውና 1 መሰላል ይበቃል። ቅዳሜ ስቀሉ፣ እሑድ ማታ አጣጥፋችሁ አስገቡ።

ኖራ አፍሳሹ፦ እትዬ፣ ነጋዴው የከፈለው ዓመቱን ሙሉ እንዲታይለት ነው። በሳምንት 2 ሰዓት ብቻ ስቀሉልኝ ብሎ ገንዘብ የሚሰጥ ካለ ያምጡልን።

በረኛው፦ እኔ ቃሉ ራሱ ስህተት ነው እላለሁ። ጨርቅ አይደለም፣ ፕላስቲክ ነው። ጨርቅ ቢሆን ክረምቱ ያበሰብሰው ነበር። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ እኛም ከዚያ ብዙ አንርቅም። የዚህን አገር ንፋስ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሽቦ ንፋሱን ያሳልፋል። ድፍን ፕላስቲክ ስታለብሰው ግን ንፋሱ የሚገፋው ግድግዳ ይሆናል፣ ቋሚውም ይጎብጣል። ከጎሉ ጀርባ ሂዳችሁ እዩ። ሦስት ቋሚዎች ወደ ውስጥ አዘንብለዋል። ፕላስቲኩ ሲቀደድ ደግሞ ገብስ ማሳ ውስጥ ይገባል። ያጎቴ ጥጃ የሞተችው ፕላስቲክ በልታ ነው። ማንን ገደለ ለሚሉት መልሱ ይኸው።

የላይ ሰፈር ልጅ፦ የጥጃህን ሞት በክለባችን አታላክክ! ፕላስቲክ ከገበያውም ይመጣል። እናንተ ታች ሰፈሮች ቡድናችሁ ከወረደ ወዲህ የኛን ነገር መቃወም ሥራ አድርጋችሁታል።

በረኛው፦ ሰፈር እዚህ ምን አገባው? 7 ዓመት ለዚህ ክለብ ጎል ጠብቄያለሁ። ታኬታዬን በራሴ ገንዘብ ነው የገዛሁት። ባነሩ ያኔም ነበር።

መምህር ነኝ፦ ሰፈሩን ተዉትና በመንገዱ በኩል ያለውን ትልቁን ባነር እዩት። የቤቲንግ፣ የስፖርት ውርርድ ነው። ፊቱ የዞረው ወደ ሜዳው አይደለም፣ ወደ ትምህርት ቤታችን በር ነው። የ7ኛ ክፍል ተማሪ ደብተሩ ጀርባ ላይ የእንግሊዝ ጨዋታ ኦድ (የውርርድ ማባዣ ቁጥር) ሲያባዛ አግኝቼዋለሁ። ሒሳብ ክፍለ ጊዜ ላይ እንዲህ አይተጋም። ያን ቀን አዝኜ ነው ቤቴ የገባሁት። ቢራን እኮ አገሪቱ ገድባለች። በአዋጅ 1112/2011 የመጠጥ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ ወጣ፤ መጠጥ የሚሸጥለት ሰው ዕድሜም 21 ሆነ። ያኔም ክለቦች ገቢያችን ቀረ ብለው ተጨንቀው ነበር። ኳሱ ግን አልቆመም። ለመጠጥ የተጠነቀቅነውን ያህል ለቁማር ለምን አንጠነቀቅም?

የላይ ሰፈር ልጅ፦ ፕሪሚየር ሊጉ ራሱ በ2013 ዓ.ም. «ቤትኪንግ ኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ» ተብሎ ተጫውቷል። ትልቁ ሊግ የተሸከመውን ስም የኛ ሽቦ አጥር ቢሸከም ምን ነውር አለው?

መምህር ነኝ፦ ትልቁ ስላደረገው ትክክል አይሆንም። እዚህ መንገዱን ስትሻገር ሕፃናት ናቸው ያሉት። እኔ የምለው ስለ እነሱ ነው።

ሜልበርን ያለሁት፦ እዚያው ሜዳ ላይ ያደግሁ ነኝ፣ ዝም ማለት አልቻልኩም። እዚህ አውስትራሊያ የሕዝብ ሜዳ የሚያስተዳድረው ብዙውን ጊዜ የአካባቢው ምክር ቤት ነው። ብዙዎቹ ስለ ክለብና ስለ ስፖንሰር ሰሌዳ የተጻፈ ደንብ አላቸው። የተለመደው ነገር የሰሌዳው ፊት ወደ ሜዳው እንዲሆን ነው፣ ወደ መንገድ አይደለም። መጠኑ ይወሰናል። ብዙ ቦታ በጨዋታ ቀን ይወጣል፣ ጨዋታው ሲያልቅ ይነሣል። ሜልበርን ባለችበት በቪክቶሪያ ግዛት ደግሞ ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከትምህርት ቤት በ150 ሜትር ውስጥ የስፖርት ውርርድ ሰሌዳ መትከል ተከልክሏል። ክለቦቹም ስፖንሰሮቹም አሁንም አሉ።

ኖራ አፍሳሹ፦ ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚያ ሣሩን የሚያጭደው ማነው?

ሜልበርን ያለሁት፦ ብዙ ቦታ ምክር ቤቱ ነው። ክለቡ የመጠቀሚያ ክፍያ ይከፍላል።

ኖራ አፍሳሹ፦ በቃ! እዚህ የምናጭደው እኛ ነን፣ በማጭድ። ውኃ የሚያቆረውን ጥግ በአካፋ የምንሞላውም እኛ ነን። ሣሩን ሳይነካ ሰሌዳውን ለማውረድ የሚመጣ አካል ይከብደኛል። መጀመሪያ ሜዳውን ይንከባከብ፣ ከዚያ ደንብ ያውጣ።

ሜልበርን ያለሁት፦ ድካማችሁን አከብራለሁ፣ እኔም አጭጄበታለሁ። ግን የቤቲንጉን ባነር ፊት ወደ ውስጥ ማዞር ስንት ብር ይፈጃል?

ኖራ አፍሳሹ፦ ወደ ውስጥ ከዞረ መንገደኛው አያየውም። መንገደኛው ካላየው ነጋዴው አይከፍልም። የኛ ተመልካች ስንት እንደሆነ ታውቃለህ።

የሜዳው ጎረቤት፦ አየህ፣ አሁን እውነቱን ተናገርክ። የምትሸጡት ጨዋታውን ሳይሆን መንገዳችንን ነው። መንገዱ ደግሞ የክለቡ አይደለም። በ2006 እ.ኤ.አ. የጀርመን ዓለም ዋንጫ ጊዜ የሙኒክ ስታዲየም በስፖንሰሩ ኩባንያ የተሰየመበት አሊያንዝ አሬና የሚለው ስም ወርዶ በሌላ ስም ተጠርቷል። ያን የሚያህል ስታዲየም ስሙን ካወረደ እኛ 1 ባነር ማውረድ ያቅተናል?

የክለቡ ተወካይ፦ ስሜ ስለተነሣ ልመልስ። ጀርመኖቹ ስሙን ያወረዱት ለሕዝብ ብለው አይደለም። አሊያንዝ ኩባንያ የፊፋ ስፖንሰር ስላልነበረ፣ ለከፈሉት ሲባል ነው የወረደው። ምሳሌህ እኔን ይደግፋል፦ የከፈለ ይታያል። «ጨርቅ ነው» ማለቴን አልክድም። ያልኩት ግን ልጆቹ ያለ ኳስ ከሚቀሩ አጥሩ ቢሸፈን ይሻላል ብዬ ነው። የዚህ ከተማ ልጅ ከሰዓት በኋላ የሚውልበት ሌላ ምን አለው? ሜዳው ከተዘጋ የሚሄድበትን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ለዚህ ነው 20 ዓመት ከየሱቁ በር ቆሜ የለመንኩት። አሁንም እለምናለሁ፣ አላፍርም።

እናት ዓለም፦ ጋሼ፣ ልፋትዎን አገር ያውቃል፣ እግዜር ይስጥልን። ግን በቆርቆሮው በር በኩል ያለው የቀለም ሻጩ ባነር ውሉ ካለቀ 2 ዓመት ሆኖታል። ከሱቁ ራሱ ነው የሰማሁት። ሳይከፍል ተሰቅሏል ማለት ነው። የከፈለ ይታያል ካሉ ያልከፈለው ለምን ይታያል?

የክለቡ ተወካይ፦ የሚያወርድ ሰው ጠፍቶ ነው።

እናት ዓለም፦ መሰላሉን እኔ አመጣለሁ። ሌላም አለኝ። ልጄ የምትጫወተው በሴቶቹ ቡድን ነው። ማሊያቸው የወንዶቹ አሮጌ ነው፣ ቁጥሩ ተልጦ። በዓመት ከባነር የሚገባው ስንት ነው? ለሴቶቹ የደረሰውስ?

የላይ ሰፈር ልጅ፦ እትዬ፣ ይኼ ሌላ ርዕስ ነው።

እናት ዓለም፦ ሌላ አይደለም። አጥሩ የሁላችንም ከሆነ ገንዘቡም የልጄ ነው።

የክለቡ ተወካይ፦ ሒሳቡ የሚቀርበው በጠቅላላ ጉባኤ ነው እንጂ እዚህ አይደለም።

መምህር ነኝ፦ ጉባኤው መቼ ነው? የቤቲንጉም ጉዳይ በአጀንዳ ይያዝ።

ኖራ አፍሳሹ፦ ቀኑ አልተቆረጠም። ቅዳሜ ጨዋታ አለን፣ መጀመሪያ ኖራ ልፈልግ።

በረኛው፦ ሦስቱ ቋሚዎችስ? ከጎሉ ጀርባ ልጆች ቁጭ ይላሉ እኮ።