ጀርመን ለገባ ሰው የቱ ይቅደም? ቋንቋው ወይስ ሥራው?

አወያይ፦ የዚህ ሳምንት ክርክራችን ይሄ ነው። ጀርመን አዲስ የመጣ ሰው መጀመሪያ የቋንቋ ኩርሱን ይጨርስ ወይስ ያገኘውን ሥራ ይያዝ? ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ኢንተግራሲዮንስኩርስ የሚባለው ከ2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ያለ ነው። 600 ሰዓት ቋንቋ፣ 100 ሰዓት ደግሞ የአገሩ ሕግና ታሪክ ነው። ሰውን ቤ1 ወደሚባለው መካከለኛ የቋንቋ ደረጃ ለማድረስ ታስቦ የተዘጋጀ ነው። በ2023 መጨረሻ ላይ መንግሥት «ጆብ ቱርቦ» ያለውን ጀመረ። ስደተኛው ኩርሱን እንደጨረሰ ቶሎ ሥራ ይግባ፣ የቀረውን ቋንቋ እየሠራ ይማር ነው ሐሳቡ። እናንተስ ምን ትላላችሁ? መከባበር ይኑር።

የመጋዘን ሠራተኛ፣ ኦፈንባህ፦ ሥራ ይቅደም። እኔ ኩርሱን ሦስተኛ ወሩ ላይ ነው ያቋረጥኩት። አገር ቤት እናቴ አለች። ለመንገድ የተበደርኩት ብር አለ። አበዳሪው ሲደውል «ቆይ፣ ቋንቋ እየተማርኩ ነው» ልበለው? ደግሞ ቋንቋ በሥራ ይለመዳል። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ «ዴር፣ ዲ፣ ዳስ» ሲሉ መዋል ማንንም አላናገረም።

የአረጋውያን ቤት ነርስ፣ ፍራንክፈርት፦ ወንድሜ፣ ዕዳህ ይገባኛል። እኔም በዕዳ ነው የመጣሁት። «በሥራ ይለመዳል» ያልከው ላይ ግን አልስማማም። የመጀመሪያ ሥራዬ ሆቴል ክፍል ማጽዳት ነበር። ሁለት ዓመት ሠራሁ። አብረውኝ የሚሠሩት አንዷ ከኤርትራ፣ ሁለቱ ከሮማኒያ፣ አለቃችን ከፖላንድ። ቀኑን ሙሉ የምሰማው ጀርመንኛ «ፈርቲሽ?» እና «ሽኔለር!» ነው። ጨረስሽ? ቶሎ በይ! በቃ። እኔ ክፍሉ የምገባው እንግዳው ሲወጣ ነው። ታዲያ ከማን ጋር ላውራ? ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣልኝን ደብዳቤ ይዤ ሰው ፍለጋ ነበር የምዞረው።

ከዚያ ነው ማታ ማታ ኩርስ የገባሁት። ቤ1 ያዝኩ፣ ቤ2 ጨመርኩ፣ የሦስት ዓመቱን የነርስ አውስቢልዱንግ፣ ማለትም የሙያ ሥልጠና፣ ጀመርኩ። ያኔ ሥራው ራሱ አስተማሪ ሆነኝ። አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያ ሳምንቴ ነው። በጠዋት በሩን ስከፍት አንድ አዛውንት አልጋቸው ላይ ሆነው «አይ ጉዴ!» አሉ። በአማርኛ! ምን ነካቸው ብዬ እየሮጥኩ ሄድኩ። ለካስ «አይ ጉደ» ፍራንክፈርት ያለችበት የሄሰን ክፍለ ግዛት ሰው ሰላምታ ነው። ደህና አደርሽ ማለታቸው ነው። ኩርሱ ላይ እሱን ማንም አልነገረኝም። በየቀኑ ካልሲያቸውን ሳደርግላቸው አንድ ቃል ያስተምሩኝ ነበር። ስሳሳት ያርሙኛል፣ ደግመሽ በይው ይሉኛል። ሥራ ቋንቋ የሚያስተምረው የሚያናግርህ ሰው ካለበት ብቻ ነው። ያ ሥራ ጋ ለመድረስ ደግሞ ቤ1 የሌለው ሰው በሩ ላይ ነው የሚቀረው።

ቤሩት የኖረች፣ ካሰል፦ እህቴ ልክ ብለሻል። እኔ ግን አረብኛን ወጥ ቤት ውስጥ ነው የተማርኩት። አንድም ቀን ክፍል አልገባሁም። በስድስት ወር ከማዳም ጋር መጨቃጨቅ ሁሉ ቻልኩ። ማንበብ ግን አልችልም። አንድ ቀን «ፈርሚ» ተባልኩና ፈረምኩ። ወረቀቱ የሦስት ወር ደሞዜን ተቀብያለሁ የሚል ነበር። አልተቀበልኩም ነበር። ስለዚህ በአፍ ብቻ የተማረ ሰው ግማሽ ነው የተማረው። ካሰል ስመጣ መጀመሪያ የጠየቅኩት ኩርስ የት ነው ብዬ ነው።

ሶፍትዌር ባለሙያ፣ በርሊን፦ እኔ በእንግሊዝኛ ነው የምሠራው። ጥያቄዬ ስለ ፍትሕ ነው። ብሉ ካርድ፣ ማለትም ለተማረ ባለሙያ የሚሰጠው የመኖሪያና የሥራ ፈቃድ፣ ያለው ሰው በጀማሪው ደረጃ በኤ1 ብቻ ከ27 ወር በኋላ ቋሚ መኖሪያ መጠየቅ ይችላል። ቤ1 ካለው በ21 ወር። ዕቃ የሚያጥበው ወንድሜ ግን በመደበኛው መንገድ ቤ1 ካላመጣ ቋሚ መኖሪያ የለም። ለመማር ጊዜ የሌለው ሰው ላይ ነው ፈተናው የሚከብደው። ይሄ ልክ አይደለም።

አባት፣ ኮሎኝ፦ እኛ በ1980ዎቹ ስንመጣ ይሄ ኩርስ አልነበረም። ፋብሪካ ገባሁ፣ ልጆች አሳደግኩ፣ ቤት ሠራሁ። ሥራ አስቀደምኩ ማለት ነው። ታዲያ አንድ ቀን ታምሜ ሐኪም ዘንድ ስሄድ ልጄን ይዤ ሄድኩ። የ11 ዓመት ልጅ ነች። ሐኪሙ ተናገረ። ልጄ ዝም አለች። «ምን አለ?» አልኳት። «አባዬ፣ ቃሉን በአማርኛ አላውቀውም» አለችኝና አለቀሰች። ካንሰር ነው ያለው። እሷ ጀርመንኛውን ታውቀዋለች፣ እኔ አማርኛውን አውቀዋለሁ። ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ሥዕል እስኪያሳየኝ ድረስ ማናችንም ለሌላው መንገር አልቻልንም። እኔ ዳንኩ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ያ ቀን ግን ከልጄ ላይ የሚነሣ አይመስለኝም። ልጆቼ፣ ገንዘብ ትደርሱበታላችሁ።

የመጋዘን ሠራተኛ፣ ኦፈንባህ፦ ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ያሉት ልቤን ነካው። ግን ገንዘቡ ላይ አሁንም አልስማማም። እናቴ መድኃኒት የምትገዛው እኔ በምልከው ነው። ቀኑን ሙሉ ኩርስ ግባ የሚለኝ ሰው ያንን ይመልስልኝ። ኩርሱ ለሠራተኛ የሚመች ቢሆን ማን ይጠላል?

ነርሷ፦ የማታ ኩርስ እኮ አለ። ፎልክስሆህሹለ፣ የከተማውን የጎልማሶች ትምህርት ቤት፣ ጠይቅ። ይረዝማል እንጂ ሰዓቱ ያው ነው። እኔ በሺፍት መካከል ነው የጨረስኩት። ባቡር ውስጥ ተኝቼ ስንት ጊዜ ፌርማታ አልፎኛል።

አስተማሪ፣ ማንሃይም፦ አንድ ነገር ጣልቃ ልግባ። አማርኛ ተናጋሪ «ቫይል» (ምክንያቱም) ብሎ ሲጀምር ግሱን መጨረሻ ላይ ማድረግ አይከብደውም። በቋንቋችንም ግስ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። «ዱ» እና «ዚ»ም አንተና እርስዎ ናቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ሲቸገሩበት የኛ ልጆች ወዲያው ሲይዙት አይቻለሁ። ስለዚህ አትፍራው፣ ወንድሜ።

የመጋዘን ሠራተኛ፣ ኦፈንባህ፦ እሺ። የኔ ሺፍት በፈረንጅ ሰዓት ከሰዓት 2 ላይ ይጀምራል፣ ማታ 10 ላይ ያልቃል። ማታው አይሆንልኝም። ኦፈንባህ ወይም ፍራንክፈርት ውስጥ ጠዋት ጠዋት፣ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን ብቻ የሚሰጥ የሚያውቅ አለ? ካለ ሰኞ ዕለት ቴርሚን (ቀጠሮ) እይዛለሁ።