ጭን ውስጥ ያለ ጠጣር እብጠት፦ ናሙናው እንዴት ይወሰድ?

ጠያቂ (ደብረ ብርሃን)፦
ጭን ውስጥ ጠልቆ የተቀመጠ፣ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆንና የማያም እብጠት እንደ ተራ የስብ እጢ ተቆርጦ ይውጣ? ናሙናውስ አዲስ አበባ እስኪደርስ በምን ይቆይ?

መላሽ 1፦
እባክዎ አይቁረጡት! ከ5 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ወይም ከጡንቻ ሽፋን በታች ያለ እብጠት፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ሳርኮማ (ከጡንቻ፣ ከስብ ወይም ከአጥንት የሚነሳ ካንሰር) እንደሆነ ተቆጥሮ ነው የሚያዘው። አለማመሙ አያዘናጋ። መጀመሪያ ኤምአርአይ (በማግኔት የሚነሳ የውስጥ ምስል)፣ ቀጥሎ በ14 ወይም በ16 ጌጅ (የመርፌ ውፍረት መለኪያ) መርፌ ናሙና። መርፌው የሚገባበትን ቦታ የመጨረሻውን ቀዶ ጥገና የሚሠራው ሐኪም ይምረጠው፤ መርፌው ያለፈበት መንገድ ከእጢው ጋር አብሮ ሊወጣ ይችላልና። በቢላ መክፈት ግድ ከሆነ ቁርጡ በእግሩ ርዝመት ይሁን። አግድም ከተቆረጠ፣ በኋላ የሚነሳው ሥጋ ይበዛል፣ ቁስሉም በቀላሉ አይገጥምም። ደሙንም በደንብ ያቁሙ፤ የተጠራቀመ ደም የእጢውን ሕዋሳት ወደ ጤነኛው ሥጋ ይዞ ይሄዳል።

መላሽ 2፦
ናሙናው 10 በመቶ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያቆይ ፈሳሽ) ውስጥ ይግባ፣ ፈሳሹ የናሙናውን 10 እጥፍ ይሁን። በሳላይን (የጨው ውሃ) ብቻ ከተላከ መንገድ ላይ ይበላሻል። ፍሪዘርም አይግባ፤ በረዶው ሕዋሱን ይሰነጥቀዋል። የታካሚውን ስም በዕቃው ጎን ይጻፉ፣ ክዳን ይለዋወጣል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። ከቀዶ ጥገናው በፊት የጨረር ሕክምና ከተሰጠ ቁስሉ ይድናል?

መላሽ 1፦
ይድናል፣ ግን ይዘገያል። ጨረር ጥቃቅን የደም ሥሮችንና ጠባሳ ሠሪ ሕዋሳትን ስለሚጎዳ ነው። ለዚህም ከጨረሩ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ተጠብቆ ነው ቀዶ ጥገናው የሚደረገው።