ሊኑክስ ከነኮዴኩ ይምጣ ወይስ አይምጣ?

ጥያቄው፦ ፌዶራ (አንዱ የሊኑክስ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ዓይነት) እ.ኤ.አ. በ2022 ኤች 264ንና ኤች 265ን (ቪዲዮ የሚታመቅባቸውና የሚከፈትባቸው ኮዴኮች) በግራፊክስ ካርድ የሚያጫውተውን ክፍል በፓተንት (በፈጠራ መብት) ምክንያት አጥፍቶታል። ልክ ነበር?

ሄኖክ፦ በፍጹም። ለእህቴ ዊንዶውሱን አጥፍቼ ሊኑክስ ጫንኩላት። የልጇን የክርስትና ቪዲዮ ከፍላሽ ስትከፍት ድምፅ ብቻ መጣ፣ ምስል የለም። ፋይሉ የጠፋ መስሏት አለቀሰች! ቪዲዮ የማይከፍት ኮምፒውተር ለሰው እንዴት ይሰጣል?

ሊያ፦ ያሳዝናል፣ ግን ጥፋቱን ቦታው ላይ እናድርገው። ኮዱ አለ፤ ኤፍኤፍኤምፔግ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ኤች 264ን ያጫውታል። ችግሩ ፓተንቱ ነው። ሲስኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እንኳ የራሱን የኤች 264 ፕሮግራም፣ ኦፕንኤች264ን፣ ለሕዝብ ሲያድል የፓተንቱን ክፍያ ራሱ እየከፈለ ነው። ፌዶራን የሚደግፈው ሬድ ሃት የአሜሪካ ኩባንያ ስለሆነ እዚያ ሊከሰስ ይችላል። ቪኤልሲ የተባለው ቪዲዮ ማጫወቻ ግን መቀመጫው ፈረንሳይ ነው፣ አውሮፓ ውስጥ ደግሞ ሶፍትዌር በሶፍትዌርነቱ ብቻ ፓተንት አያገኝም፣ ለዚህ ነው ሁሉንም ይዞ የሚመጣው።

ሄኖክ፦ እኛስ? የኢትዮጵያ የፓተንት አዋጅ ቁጥር 123/1987 የኮምፒውተር ፕሮግራም ፓተንት አይሰጠውም ይላል። አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው የአሜሪካን ሕግ ለምን ይሸከማል?

ሊያ፦ ለዓለም የሚወጣው አንድ አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይል) ነዋ! ለየአገሩ ማን ይሠራል? ደግሞ መፍትሔው ቅርብ ነው። ፌዶራ ላይ አርፒኤም ፊውዥንን (ፌዶራ የማይዛቸው ፕሮግራሞች የሚገኙበትን ማከማቻ) መጨመር፣ ሌላው ሊኑክስ ኡቡንቱ ላይ ሲጫን አንዷን ሳጥን ምልክት ማድረግ።

ዳዊት፦ ሊያ፣ ቅርብ የሆነው ላንቺ ነው። ዳታ በሜጋባይት ቆጥሮ የሚገዛ፣ ተርሚናል (ትዕዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) አይቶ የማያውቅ ሰው አርፒኤም ፊውዥን የሚባል ነገር መኖሩን በምን ያውቃል? ሕጉን እቀበላለሁ። ዝምታውን ግን አልቀበልም። ፋይሉ እንቢ ሲል "ይህ ኮዴክ ጎድሏል፣ ከዚህ ታገኘዋለህ" ብሎ በግልጽ ይንገረን፣ በአማርኛም ጭምር። የሙዚቃው ኤምፒ3ም እንዲህ ሲያስቸግር ኖሮ ነው ፓተንቶቹ እያለቁ ሲሄዱ፣ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ፣ ማጫወቻው ፌዶራ ውስጥ የገባው። የኤች 264ም ጊዜው ይደርሳል፤ እስከዚያ ሰው በጨለማ አይቀመጥ።

ሊያ፦ በዚህ እስማማለሁ። እንዲህ ያለ መልእክት ማሳየት ፓተንት አይነካም።

ሄኖክ፦ እኔም በመጨረሻ ቪኤልሲን ከፍላትሃብ (ከሊኑክስ ፕሮግራሞች ማውረጃ ድረ ገጽ) አውርጄላት ነው የተከፈተው። ልጇን ስታይ ፊቷ በራ። ግን እኔ ባልኖር ኖሮ ያን ፍላሽ ፎርማት ልታደርገው ነበር።