የሩዝ ብላስት ስፖርን በስላይድ መያዝ ይቻላል ወይ?

ጠያቂ (የልማት ጣቢያ ሠራተኛ፣ ፎገራ)
ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ፎገራ ሜዳ ላይ ከሩዝ አምራቾች ጋር ነው። አምና ቅጠሉ ላይ ነጠብጣብ ወጣ፤ መሃሉ ግራጫ፣ ዳሩ ቡናማ፣ ሁለት ጫፉ የሾለ። ኬሚካል እስኪገኝ የዛላው አንገት ጠቁሮ ፍሬው ባዶ ቀረ። በሽታው ብላስት ነው ተባልን። ፈንገሱ የሚዛመትበትን ስፖር ቫዝሊን በተቀባ የማይክሮስኮፕ መስታወት (ስላይድ) ይዞ ቀድሞ ማወቅ ይቻላል ሲሉ ሰማሁ። በጀት የለንም፤ ማይክሮስኮፕ ግን ከጤና ጣቢያው መዋስ እንችላለን። እንዴት ይሠራል? ገበሬው ዘንድሮም ባዶ ዛላ እንዲያጭድ አልፈልግም።

መላሽ (የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ)
ይቻላል ወንድሜ። ስላይዱን በጣም በስሱ ቫዝሊን ቀባው፤ ከወፈረ ምንም አይታይህም። እንጨት ላይ አስረህ ከሩዙ ጫፍ ትንሽ ከፍ አድርገው፤ ከላዩ ዝናብ የሚከልል ቆርቆሮ ይኑረው። ማታ ስቀለው፣ ጠዋት አውርደው። ብላስት ስፖሩን በብዛት የሚለቀው ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት፣ አየሩ እርጥብ ሲሆን ነው። አንድ ጠብታ ውሃና መሸፈኛ መስታወት ጨምረህ በ400 እጥፍ ማጉያ ተመልከት። የምትፈልገው የአምፖል ቅርጽ ያለው፣ ቀለም አልባ፣ ውስጡ በሁለት መስመር ለሦስት የተከፈለ ነው። ረጅም፣ ቡናማና ጎበጥ ያለ፣ ብዙ ክፍል ያለው ካየህ እሱ የቡናማ ነጠብጣብ በሽታ ነው።

ሌላ አባል (አግሮኖሚስት)
አንድ ነገር ልጨምር። አካባቢው ላይ ዳጉሳ አለ? የዳጉሳ ብላስት ስፖርም በማይክሮስኮፕ ያው ነው፤ ሩዙን የሚያጠቃው ግን በአብዛኛው የራሱ የሩዝ የፈንገሱ ዝርያ ነው። ስለዚህ ስላይዱን ብቻ አትመን። በየሁለት ሦስት ቀኑ ማሳው ውስጥ ገብተህ ቅጠሉን እይ፤ በተለይ ዩሪያ የበዛበትንና ጥቅጥቅ ብሎ የበቀለውን። ዩሪያውን ከፋፍለው እንዲሰጡም ምከራቸው። እሱ ብቻውን ብዙ ይረዳል።

ጠያቂ
እግዜር ይስጥልኝ። ስንት ስፖር ሲገኝ ነው ርጭት የሚጀመረው?

መላሽ (የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ)
ከሌላ አገር የተወሰደ ቁጥር እናንተ ጋ አይሠራም። የራሳችሁን መዝገብ ያዙ። ቁጥሩ በተከታታይ ቀናት እየጨመረ ከሄደ፣ ቅጠሉም ከማታ እስከ ረፋድ በጤዛ ወይም በዝናብ ረጥቦ ከዋለ፣ አደጋው ቀርቧል። ስፖሩ ቅጠሉ ላይ ካረፈ በኋላ ነጠብጣቡ የሚታየው ከአራት አምስት ቀን ወዲያ ነው። ትልቁ ጊዜ ግን ዛላው ሊወጣ ሲል ነው። ለሩዝ የተፈቀደ ፀረ ፈንገስ መረጨት ያለበት ያኔ ነው፤ አንገቱ ከጠቆረ በኋላ የሚያድነው ኬሚካል የለም። ስለዚህ ኬሚካሉ ቀድሞ እጃችሁ ይግባ።

ሌላ አባል (የሩዝ አምራች)
የእኛ ማሳ ላይ ዛላው ከሽፋኑ ሳይወጣ ግማሽ ሆኖ ይበሰብሳል። የእሱም ስፖር በስላይድ ይያዛል?

መላሽ (የዕፅዋት በሽታ ባለሙያ)
የሽፋን መበስበስ ይመስላል። የእሱ ስፖር በጣም ደቃቅ ስለሆነ በዚህ ስላይድ መለየት ይከብዳል። የታመመውን ዛላ ከነሽፋኑ በወረቀት ጠቅልላችሁ ወረታ፣ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል አሳዩ። ፌስታል ውስጥ አታድርጉት፤ ሳይደርስ ይሻግታል። ከዚያ ማሳ ግን ለከርሞ ዘር አታስቀሩ።