የእርሾ ማባዣዬን ከአዳማ ሙቀት እንዴት ላድነው?

ሰላም ጠማቂዎች። አዳማ ነው የምኖረው፤ ለቤት ቢራ እርሾ አባዛለሁ። 1 ሊትር የገብስ ብቅል ውሃ አፍልቼ፣ አቀዝቅዤ፣ እርሾውን ጨምሬ ጠርሙሱን ከኮምፒውተር ፋን በሠራሁት የማግኔት ማማሰያ ላይ አስቀምጠዋለሁ (ፋኑ ላይ ያለው ማግኔት ሲዞር ጠርሙሱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የማግኔት ዘንግ እያሽከረከረ ያማስላል)። ችግሬ ሙቀት ነው። ከሰዓት ክፍሉ 29 ዲግሪ ሲሆን ጠርሙሱ 32 ይገባል፤ ፋኑም ከሥር ያሞቀዋል። ያለፈው ዙር አሴቶን አሴቶን ሸተተኝ።

እርጥብ ጨርቅ ስጠቀልልበት 2 ዲግሪ ቀነሰ፣ ግን ውሃው ፋኑ ላይ ይንጠባጠባል። በረዶ ባለበት የፕላስቲክ ሳፋ ሞከርኩ፤ ጠርሙሱ ከማግኔቱ ስለራቀ ውስጥ ያለችው ዘንግ እየተንሸራተተች ቆመች፣ እርሾው ነጭ ጭቃ መስሎ ዘቀጠ። ፍሪጅ ውስጥ ደግሞ ይተኛብኛል። ሦስት ጥንስስ ያሳለፍኩበት እርሾ ስለሆነ በጣም እሳሳለታለሁ።

ማማሰያው ሳይቆም ጠርሙሱን 22 ዲግሪ አካባቢ እንዴት ላቆየው?